ደብዳቤ የሚጠጣበት ቤት

ፍርሃት ይሸታል። በምሳሌ የምናገር የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል፤ እኔ በአፍንጫዬ ነው የማውቀው። በእኛ ቤት የቆዳ ሙጫና የቆየ ላብ ሽታ ነበረው፤ ምንጣፉን ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት የማይለቅ። ሌላው ሰው ስለ ፈሪ ሲሰማ "ምስኪን" ብሎ ከንፈሩን ይመጣል። እኔ ከንፈሬን አልመጥም፤ ይቀፈኛል። ያልተጠየቀውን የሚመልስ፣ ቀልድ ሳይኖር የሚስቅ፣ ገና ሳልጨብጠው መዳፉ እንዳላበው የሚታወቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ እጄን ወደ ኋላዬ እደብቃለሁ። ለምን እንዲህ እንደሆንኩ ለመናገር ከአባቴ መጀመር አለብኝ።

አባቴ ኪታብ፣ ማለትም የሃይማኖት መጽሐፍ፣ ጠራዥ ነበሩ። ቤታችን ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው፤ ጭነት የያዙ ሁለት አህዮች ከተገናኙ አንዷ ወደ ኋላ ካልተመለሰች በማይተላለፉበት ጠባብ መንገድ ዳር። ከከተማውም ከገጠሩም የተበጣጠሰ ቁርኣንና ኪታብ ይመጣላቸዋል፤ ሰፍተው፣ ወረቀት በወረቀት ላይ በሙጫ ደራርበው ሽፋኑን ሠርተው፣ በቀይ ቆዳ ለብጠው ይመልሳሉ። ድሮ ድምፃቸው ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር። ኪታቡን ወጥ አስነክቶ ያመጣውን ደንበኛ "ቁርኣን ቀራህበት ወይስ ራት በላህበት?" እያሉ ሰው ፊት የሚያሳፍሩ ሰው ነበሩ። እኔ ጣሊያን በወጣ ማግስት የተወለድኩ ነኝ፤ የምነግራችሁ አሥራ ስድስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ የሆነውን ነው።

አንድ ቀን አንድ ፖሊስ መጥቶ በትሕትና "ለትንሽ ጥያቄ ይፈለጋሉ" አላቸው። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሄዱ፣ ፀሐይ ስትገባ ለመግሪብ ተመለሱ። የጠየቋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውጭ አገር ማን አለዎት? "አንድ ወንድ ልጅ፤ ኤደን ወደብ ላይ መጋዘን ይጠብቃል" አሉ። ተጻፈ፣ "ይሂዱ" ተባሉ። በጥፊ አልተመቱም፣ አልተሰደቡም፤ እንዲያውም የሚጠጣ ውኃ ሰጥተዋቸዋል።

ለእውነቱ ያህል ልናገር፤ ፍርሃታቸው ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በዚያ ዘመን ውጭ አገር ዘመድ ያለው የሐረር ሰው በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ለትንሽ ጥያቄ ተብሎ ሄዶ ወራት የቆየ ሰው እናውቃለን። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? አባቴ ግን እባቡንም አላዩም። ልጡን ብቻ አይተው ቀሪ ዕድሜያቸውን ሲሸሹ ኖሩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያ ድምፅ ጠፋ። "እንዴት አደሩ?" ሲባሉ "ቤቴ ነው ያደርኩት" ብለው መመለስ ጀመሩ። የማዘጋጃ ቤት ጠራጊ በመንገዱ ሲያልፍ፣ ባርኔጣ አድርጓልና፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ይነሡታል። ሰው ሁሉ በኮቴው ይለይላቸዋል፤ የማያውቁት ኮቴ ከመጣ ሥራው እጃቸው ላይ ይቆማል። የሁሉ የሁሉ የሚያስጠላኝ ግን ሳቃቸው ነበር። "ሄ ሄ ሄ" የምትል ቀጭን ሳቅ አመጡ። ከየት እንዳመጧት አላውቅም፤ ድሮ የሚስቁት በሆዳቸው ነበር።

የበሩን ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። በእኛ ሰፈር በቀን በር መዝጋት በሽታ ወይም ጠብ አለ ማለት ነው፤ ጎረቤት "ምን ሆናችሁ?" እያለ ይጎርፋል። አባቴ በሩ ከተከፈተ ያዩናል፣ ከተዘጋ ደግሞ ምን ደብቀው ነው ይሉናል ብለው ተጨነቁ። ስለዚህ ገርበብ አደረጉት። ግን ገርበብ ማለት ምን ያህል ነው? አንድ ስንዝር? ሁለት? ቀኑን ሙሉ ሙጫ በነካው እጃቸው በሩን አንዴ ወደ ውስጥ አንዴ ወደ ውጭ ሲገፉ ይውላሉ። የበሩ ጠርዝ ከእጃቸው በተላለፈ ሙጫና ላብ ጠቁሮ ያጣብቅ ነበር። ስገባም ስወጣም በክርኔ ነበር የምገፋው፤ በእጄ መንካት አልወድም።

የወንድሜ ደብዳቤ ድሮ በፖስታ ይመጣና አባቴ ጮክ ብለው ደንበኛ ፊት ያነቡት ነበር። ከጥያቄው በኋላ አባቴ በፖስታ አትላክ አሉት። ከዚያ ወዲህ የሚያመጣልን በዓመት ሁለት ጊዜ በጅቡቲ አድርጎ ኤደን የሚመላለስ የጨርቅ ነጋዴ ሆነ፤ የወንድሜ የቁርኣን ቤት ጓደኛ ነው። ደብዳቤውን በጣቃ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ ያደርስልናል። በቤታችን ቋንቋ፣ በዐረብ ፊደል የተጻፈ ነው። እናቴ ማንበብ አትችልም። አባቴ ይችላሉ፤ ግን "የእኔ ድምፅ ወፍራም ነው፣ ግድግዳ ያልፋል" አሉና የማንበቡ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። እሳቸው በሩ አጠገብ ቆመው፣ እናቴ ጉልበቷ ጉልበቴን እየነካ፣ በሹክሹክታ አነባለሁ።

ምን ይል እንደነበር ልንገራችሁ? ምንም። ሰላምታ፣ ዱዓ፣ የኤደን ሙቀት፣ ዓሣ ሰለቸኝ፣ ጥርሴን አሞኝ አስነቀልኩ። ሦስት ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚሰማው የአንድ መንጋጋ ጥርስ ታሪክ ነበር።

ችግሩ ከተነበበ በኋላ ነው። አባቴ ደብዳቤው ቤት ውስጥ እንዲያድር አይፈልጉም። ግን እንዴት ይጥፋ? በቢስሚላህ የሚጀምር ነው፤ መካከሉ ላይ የቁርኣን ቃል አለበት። አላህ ስም ላይ እሳት አልለቅም አሉ። ሽንት ቤት መጣል አስተግፊሩላህ ነው። መንገድ ላይ የወደቀ የተጻፈበት ወረቀት እንኳ እግር እንዳይረግጠው አንሥተን ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የምንሰካ ሰዎች ነን። ስንጥቁ ውስጥ እንዳይሰኩት ደግሞ ፈታሽ መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነው። አላህን የሚፈራው አባቴና መንግሥትን የሚፈራው አባቴ አንዲት ወረቀት ይዘው ሲጓተቱ ቆዩ።

መፍትሔው የተገኘው ከልጆች መማሪያ ነው። ቁርኣን ቤት ልጆች ሎህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ የጻፉት አያ፣ የቁርኣን አንቀጽ፣ ሲታጠብ ውኃው አይደፋም፤ ለበረካና ለመድኃኒት ይጠጣል። አባቴ ነጭ የቆርቆሮ ሳህን ውኃ ሞሉና ደብዳቤውን ነከሩት። የወንድሜ ሰማያዊ ቀለም እንደ ጭስ ተነሥቶ ተበተነ። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ደርቆ ለኪታብ ሽፋን ዋለ። ውኃው ግን የአላህ ቃል ያለበት ነው፤ መሬት አይነካም።

"ቢስሚላህ በሉና ጠጡ" አሉን።

ጠጣን። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር። ዝገት ዝገትና ጨርቅ ጨርቅ ይላል። አባቴ አፍንጫቸውን ይዘው በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱና የሰውነታቸው ጅማት ሁሉ ሲላላ ይታያል፤ ማስረጃው ሆዳቸው ውስጥ ገባ። እናቴ ዐይኗን ጨፍና ቀስ ብላ ነው የምትጠጣው፤ ሳህኑ ላይ የቀረውንም በጣቷ ጠርጋ ትልሳለች። "የልጄ ቃል ነው" ትላለች። እኔን ያቅለሸልሸኛል። ስለ ጥርሱ የጻፈውን መስመር የጠጣሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ እስከ ምሽት ድረስ መንጋጋዬ ውስጥ የሰው ጥርስ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ከነዚህ ቀናት በአንዱ፣ ገና ውኃውን በጠጣንበት ጠዋት፣ እናቴና እኔ ወደ አፎቻችን ሄድን፤ አፎቻ በሰርግና በለቅሶ የሚረዳዱ ሴቶች ማኅበር ነው፣ የቀረ ሰው ይቀጣል። እናቴ ቀልድ ሰምታ ስትስቅ ምላሷ ታየ። ሰማያዊ ነው። ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞራ "አንቺስ? አፍሽን ክፈቺ እስቲ" አለችኝ። የእኔም ሰማያዊ ነው። ሴቶቹ ተጠጋግተው አዩን። እናቴ ውሸት የማትችል ሴት ነበረች፤ ያን ዕለት ግን ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣

"የድንጋጤ ውኃ ነው። የልጅቷ አባት የጻፈልን ነው" አለች።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በማግስቱ ጎረቤታችን ውሻ ያስደነገጠውን ትንሽ ልጇን አዝላ መጣች። አባቴ ሊሉ የሚችሉት ነገር አልነበረም፤ አይሆንም ቢሉ ታዲያ የእናንተ ሰማያዊ ምን ነበር ትላለች። ሎህ አወጡ፣ በጥላሸት ቀለም እውነተኛውን አያ ጻፉ፣ አጠቡ፣ ሰጡ። ልጁ ዳነ። ልጅ እኮ ዝም ቢሉትም ይድናል። ወሬው ግን ጀጎልን ዞሮ በበሩ ወጣ።

የደነገጠ ሁሉ ሐኪም ከሚባለው ተራራ ወረደ፣ ከሶፊ ገጠር ጫት ይዞ መጣ። አንዱ ገበሬ ሚስቱ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ የምትጮህበት ሰው ነበር፤ መደባችን ላይ ተቀምጦ "ጌታዬ፣ ልቧን መልሱልኝ" ብሎ ለመናቸው። አባቴ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ እያለ፣ ዐይናቸው ገርበብ ካለው በር ሳይነቀል "ኢንሻአላህ፣ አትፍሩ" ይሉታል። የአውራጃው ፈሪ ሁሉ ለመዳን የፈሪዎች አለቃ ዘንድ ተሰለፈ። ሰው በበዛ ቁጥር ደግሞ ፍርሃታቸው ይብሳል፤ ሰው የሚበዛበት ቤት ዐይን ይስባላ! እኔ ጓዳ ሆኜ "ሄ ሄ ሄ"ዋን እሰማና ጥርሴን እነክሳለሁ። አባቴን ናቅኋቸው። ቃሉ ከባድ ነው፤ አውቄ ነው የጻፍኩት።

የመጨረሻው ደብዳቤ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ነጋዴው ማክሰኞ ዕለት አደረሰው፤ አርብ ጠዋት ተመልሶ እንደሚነሣም ነገረን። እንደ ሌላው ጊዜ አባቴ በሩ ጋ ቆሙ፣ እኔ አነበብኩ። የጥርስ ወሬ የለም። ወንድሜ እንዲህ ይላል፤ የመጋዘኑ ሥራ አልቋል። አንድ የመርከብ ባለቤት ወደ ጅዳ ልውሰድህ ብሎኛል። እኔ ግን አገሬ መግባት ነው የምፈልገው፤ እናቴን ካየሁ አምስት ዓመት አለፈኝ። ስለ አገሩ ሁኔታ አንዱ ደህና ነው ይለኛል፣ አንዱ ክፉ ነው ይለኛል። እናንተ እዚያው ናችሁና ታውቃላችሁ። ይህን ላመጣላችሁ ሰው አንዲት ቃል ንገሩት፤ "ይምጣ" ወይም "ይቅር"። ሲመለስ ያደርስልኛል። ቃል ካልመጣልኝ መምጣቴ እናንተን እንደሚጎዳ አውቄ ጅዳ እሄዳለሁ፤ እንዳላስቸግራችሁም ከዚያ በኋላ አልጽፍም።

እናቴ "ይምጣ!" አለች። ድምፅዋን አልቀነሰችም።

አባቴ አፏን በእጃቸው ከደኑት። ሙጫ ባለበት እጅ። ከዚያ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሳህኑን ውኃ ሞልተው ደብዳቤውን ነከሩ። ቀለሙ አልተነሣም። ወንድሜ የጻፈው ያን ጊዜ በከተማው ገና መታየት በጀመረው እስክሪብቶ ነበር። አባቴ ወረቀቱን አገላበጡት፣ በሳሙና አሹት፣ በአመድ አሹት። ወረቀቱ እንደ ሊጥ ቢላላም ፊደሎቹ ቁልጭ ብለው ያዩናል። "ይምጣ" የሚለውም "ይቅር" የሚለውም አለ። የአባቴ ትንፋሽ እያጠረ ሄደ። ወዲያ ወዲህ አዩና ያን ሳሙናና አመድ የነካውን ወረቀት ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ከተቱት።

አኘኩት። ጉንጫቸው አብጦ፣ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ጢማቸው ላይ የነጭ ሊጥ ፍርፋሪና የሳሙና አረፋ ተንጠልጥሎ። አንድ ጊዜ ወደ ላይ አላቸውና በእጃቸው አፍነው መልሰው ዋጡት። እናቴ አጠገባቸው ቆማ "ምን እንበለው? ለልጄ ምን ልበለው?" ትላለች። አፋቸው ሙሉ ስለሆነ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር "ዝም በይ" የሚሏት። ሲጨርሱ ውኃ ጠጥተው እንዲህ አሉ፦

"ምንም አንልም። ይምጣ ብዬ ቢያዝ ደሙ በአንገቴ ነው። ይቅር ካልኩ ደግሞ ልጄን ያባረርኩት እኔው ነኝ። ዝም ያለ ሰው ምንም አላደረገም።"

ከዚያ ሁሉ አስጸያፊ ነገር፣ ከሳሙናውም ከአረፋውም፣ የከፋችው ይህቺ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ነበረች። ዕድሜዬን ሙሉ ብዙ ፈሪ አይቻለሁ፤ ሁሉም ያቺን ዐረፍተ ነገር በሆነ መልክ ሲናገራት ሰምቻለሁ። ያን ዕለት ግን አዲስ ነበረችብኝና ጓዳ ገብቼ እናቴን "እኔ ብሆን ሄጄ እነግረው ነበር። አንዲት ቃል አይደለች እንዴ!" አልኳት።

እናቴ እንባዋን ጠርጋ አየችኝ። "እውነትሽን ነው?" አለች። እሷ ራሷ ከሄደች እናት ከነጋዴው ጋር ምን አወራች ይባላል፤ አባቴም ከዐይናቸው አያርቋትም። ሴት ልጅ ለጥልፍ ክር ልትገዛ ወደ ጨርቅ ሱቅ ብትሄድ ግን ማንም ዞሮ አያያትም።

ሐሙስ ጠዋት ወጣሁ። ኮርቼ ነው የወጣሁት። የነጋዴው ሱቅ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ከጠዋት እስከ ማታ በሚንኳኳበት መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ነው። መንገዱን በሙሉ "ይምጣ፣ ይምጣ" እያልኩ በልቤ ስደግማት ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ስገባ ነጋዴው ከባንኮኒው ጀርባ ቆሟል። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ አንድ ፖሊስ ተቀምጧል።

ፖሊሱ ሱሪ አልለበሰም። ሱሪው መቀመጫው ላይ ተተርትሮበት ደጅ ያለው ልብስ ሰፊ እየጠቀመለት ነው፤ እሱ ከወገቡ በታች የነጋዴውን አቡጀዲ አገልድሞ ለውዝ እየፈለፈለ ይበላል። ጫማውንና ረጅም ካልሲውን አላወለቀም። ከካልሲው በላይ ቀጫጭን ጉልበቶቹ ይታያሉ። እንዲህ ያለውን ሰው አይቶ የሚፈራ ካለ ከትከት ብዬ እስቅበታለሁ ብዬ እምል ነበር።

መዳፌ ረጠበ። ነጋዴው የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃልና ፊቱ በራ፤ ሲጠብቀኝ ነበር።

"ምን ልታዘዝ እኅቴ?"

"ክር" አልኩ። "ነጭ ክር።"

ክሩን አውጥቶ አስቀመጠልኝ፣ ዐይኔን እያየ። "ሌላ የምትፈልጊው የለም?"

"ይምጣ" ማለት ብቻ ነበር። ፖሊሱ ምን ይገባዋል? ዕቃው ይምጣ፣ ጨርቁ ይምጣ፣ ማን ይምጣ ቢባል ምን አገባው? ይህን ሁሉ ያሰብኩት ግን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ራሴ ውስጥ ምንም ሐሳብ አልነበረም፤ የልቤ ምት ብቻ ነበር።

"የለም" አልኩ።

ፖሊሱ እጁን ዘረጋና "ነይ፣ ለውዝ ብዪ። ምን ያስፈራሻል? ሱሪ የሌለው ሰው አይነክስም" አለኝ። ቀልዱ ደህና ቀልድ ነበር። ከእጁ ለውዙን ተቀበልኩ፤ ከእጁ ላብ ጨው ጨው የሚል ለውዝ፣ በላሁትም። ከዚያ ሳቅሁለት። ሄ ሄ ሄ። የአባቴ ሳቅ ከእኔ አፍ ወጣ፤ ከነቅጥነቷ፣ ከነመንቀጥቀጧ።

ነጋዴው ክሩን ሲጠቀልልልኝ ጊዜ ወሰደ። "በደንብ አስቢ፣ የረሳሽው ነገር እንዳይኖር። እኔ ነገ ጠዋት መንገደኛ ነኝ" አለ።

"አልረሳሁም" ብዬ ወጣሁ።

እናቴ አባቴ እንዳይሰሙ ጓዳው በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። "ነገርሽው?" አለችኝ።

አልነገርኩትም ማለት እችል ነበር። ነገ ጠዋት አለ፤ እሷም ራሷ ልትሮጥ ትችል ነበር። ግን ከትናንት ወዲያ አባቴን የናቀች ልጅ ዛሬ እናቷ ፊት ቆማ ፈራሁ ልትል ነው። እሱንም ፈራሁ።

"ነገርኩት።"

"ምን አለ?"

"እሺ አለ። ደስ ብሎት ሳቀ።" ውሸቱን ከነጌጡ ሰጠኋት። አርብ ጠዋት ገና ጊዜ ነበረኝ፤ የድሬዳዋው መኪና ፀሐይ ሳይሞቅ አይነሣም። ሆዴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ። እውነትም አሞኝ ነበር።

እናቴ ቤቱን ኖራ አስቀባች። ወለሉን በቀይ አፈር አስለቀለቀች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ስፌት ሁሉ አውርዳ አጥባ ሰቀለች። አባቴ "ምን በዓል አለ?" ሲሏት "ረመዳን እየመጣ ነው" ትላለች፤ ረመዳን ሦስት ወር ይቀረው ነበር። መኪና በመጣ ቁጥር ሰበብ ፈልጋ የከተማው መግቢያ ወደሆነው ሸዋ በር ትወጣለች። ነጋዴው ያን ጊዜ ሱቁን ለዘመዱ ትቶ ኤደን ቀረና የምትጠይቀው ሰው አላገኘችም። እኔን ነበር የምትጠይቀኝ። "እርግጠኛ ነሽ ሰምቶሻል?" "ሰምቶኛል እማ።" "ይምጣ ነው ያልሽው?" "ይምጣ ነው ያልኩት።"

የፈሪ እናት አታለቅስም ይላሉ። ማን እንዳለው አላውቅም፤ እናቴን አላያትም።

ከአንድ ዓመት በኋላ ልቅሶዋ ወደ ቂም ዞረ። "ጠርቼው ቀረ" ማለት ጀመረች። "ይምጣ ብዬ ልኬበት ጅዳ በለጠበት። አንጀት የሌለው ልጅ ነው የወለድኩት።" ስሙ ቤት ውስጥ እንዳይነሣ ከለከለች። አባቴ መላኳን ሳያውቁ ሞቱ፤ በለቅሷቸው ላይ ሰው ሁሉ "ማንንም የማይነኩ" እያለ አመሰገናቸው። እኔ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ፣ ልጇን ስትረግም እየሰማሁ፣ ቁርሷን አቀርብላት ነበር። አንድ ቀን እነግራታለሁ እላለሁ። ውሸቱ የአንድ ወር ሲሆን ለመናገር አንድ ወር ፈራሁ፤ የአሥር ዓመት ሲሆን አሥር ዓመት ሙሉ የዋሸሁት ሆነና ጭራሽ አልነካ አለኝ። አግብቼ ስወጣ የባሌ ቤት በር ስንት ስንዝር መከፈት እንዳለበት ስለካ ራሴን ያገኘሁበት ቀን አለ። እጄን ታጠብኩ። ሽታው አልለቀቀም።

ንጉሡ ከመውረዳቸው ሁለት ዓመት ያህል በፊት እናቴ ታመመች። በዚያው ሰሞን ከሐጅ የተመለሰ አንድ የሰፈራችን ሰው ወንድሜን ጅዳ አግኝቶት ኖሮ ሰላምታውንና የፖስታ ቁጥሩን ይዞ መጣ። አግብቷል፣ ሦስት ልጆች አሉት፣ እናቴን ሰላም በሉልኝ ብሏል። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ እጄን ያዘች።

"ጻፊለት" አለችኝ። "ጠርቼው ለቀረው አውፍ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ በይው። ከነቂሜ አልሞትም። ከልቤ አውፍ ብዬዋለሁ።"

ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። በሩ በደንብ ተዘግቷል። እናቴ ልትሞት ነው፣ እጇ እጄ ላይ ነው፣ እውነቱ ደግሞ አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። "እሺ እማ፣ እጽፍለታለሁ" አልኳት። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ጻፍኩለት። መሞቷን አረዳሁት፣ ከመሞቷ በፊት ይቅር እንዳለችው ነገርኩት። "ጠርቼው ለቀረው" የሚለውን ግን ዘለልኩት። መልሱ በሁለት ወሩ ደረሰኝ፤ በፖስታ ቤት በኩል፣ ሳይከፈት። ማንም ምን ይላል ብሎ አልጠየቀኝም። ከሰላምታው በታች ስለ እናቱ እንዳለቀሰ ይናገርና አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፦

"እኅቴ፣ እናቴ ይቅር ያለችኝ ምን አጥፍቼ ነው?"

እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም።